እስከ መጨረሻው እጅ

የመዝሙር መምህሬ ኦዜላ ኬቸር አፉን ጨምድዶ የሚዘምር ሰው አትወድም ነበር። «ጃስፐር፣ አፍህን ክፈት፤ ጥርስህን አልሰርቅህም» ትለኝ ነበር፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያውም አብራን የምትዘምረው ቤሲ እየሰማች። ያን ጊዜ ድምፄ ገና መጎርነኑ ስለነበር ከጉሮሮዬ የሚወጣው ነገር እኔንም ያስደነግጠኝ ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኋላ ረድፍ አቁማ ቤዝ፣ የወፍራሙ ድምፅ ዘማሪ፣ አደረገችኝ። ይኸው ጡረታ ወጥቼ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ዛሬም ቤዝ ነኝ። ሌላው ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ሽልማቷንና ዲግሪዋን ያነሳል። እኔ የማወራው ስለ አንድ መዝሙር ነው፤ ተጀምሮ እስኪያልቅ የሰው ዕድሜ ስለፈጀ መዝሙር።

የተወለደችው እዚሁ ኦክላሆማ፣ ድራይ ሂከሪ መንደር ነው፤ ከታህለኳ ከተማ ወጥተው ኮረብታውን ሲያልፉ፣ ከወንዙ ማዶ። አባቷ ዲያቆን ሊቫይ የቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር አንሺ ነበሩ። ፒያኖ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ዲያቆን ሊቫይ ከአግዳሚው ብድግ ይሉና የመጀመሪያዋን ቃል በቋንቋችን በቼሮኪ ብቻቸውን ይጎትቷታል፤ ከዚያ ሌላው ሰው በየድምፁ ይገባል። እጁን እያወዛወዘ የሚመራ የለም። ሰው ጎኑ ያለውን ሲተነፍስ አይቶ ይተነፍሳል፤ በቃ፣ ይኸው ነው ምቱ።

መጨረሻ ላይ የመሰናበቻው መዝሙር ይነሳል። እሱ ደግሞ እስከ ዳር ቆመው የሚዘምሩት አይደለም። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደረስ የፊተኛው ሰው ከቦታው ይወጣል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ እየዘመሩ ቤቱን ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱን ሰው ይጨብጣል። ሽማግሌውን፣ እንግዳውን፣ ጡት የሚጠባውን ሕፃን ሳይቀር። መዝሙሩ የሚያልቀው ስንኙ ስላለቀ ሳይሆን የመጨረሻው እጅ ሲጨበጥ ነው። ሰው ከበዛ ስንኙ እንደገና ይነሳል፣ አሁንም እንደገና። የተኳረፍከው ሰው ካለ እሱንም መጨበጥህ አይቀርም። ይህን ፈርተው ከመሰናበቻው በፊት ሹልክ የሚሉ ነበሩ፤ መንደሩም እነማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

ኦዜላ ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ፒያኖ ነክታ አታውቅም። የክፍል ጓደኞቿ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲመቱ የኖሩ ነበሩ፤ እሷ ጣቶቿ እስኪያብጡ ተለማምዳ ደረሰችባቸው። መዘምራን መምራትንም እዚያው ተማረች። ቀኝ እጅ ምቱን ያሳያል፣ ግራ እጅ ድምፁን ያነሳል፣ ይጥላል፤ ጡጫ ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ተመርቃ ስትወጣ ከከተማ ፈልገዋት ነበር። እሷ ግን እኛን፣ የገጠሩን ትምህርት ቤት መረጠች። ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ጆሮዋ ሥር የምትይዛት ሹካ የመሰለች ብረት ነበረቻት፤ መነሻውን ድምፅ ከዚያች ብረት ትሰማና ለኛ ትሰጠናለች። ዲያቆን ሊቫይ ብረቷን ሲያዩ ፈገግ አሉ። እጇን ስታወዛውዝ ሲያዩማ ጭራሽ አልቻሉም።

«ንብ ነው የምታባርሪው?» አሏት።

«ምት ነው የማሳያቸው፣ አባዬ።»

«ምቱን ተይላቸው። አንቺ እስትንፋሳቸውን ተመልከቺላቸው።»

እሷም አብራቸው ሳቀች፤ ነገሩን ግን በልቧ ይዛው ቀረች።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ንጉሡ ቅርጫት ኳስ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ አጎት ክሌም ፌዘር ነበሩ፤ አጎትነታቸው ለመንደሩ በሙሉ ነው። ቁምነገረኛ፣ ወሬ የማይወዱ፣ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥ እንኳ ማውለቅ የሚያመነቱ ሰው። ልጅ ሳሉ ከቤታቸው ተወስደው የነጮች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በቼሮኪ ስለተናገሩ መምህራኑ አፋቸውን በሳሙና አጥበዋቸዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን አንስተውት አያውቁም። ለልጆቻቸውም አንድ የቼሮኪ ቃል አላስተማሩም። ለኦዜላ ከነፒያኖው አንድ ክፍል ሰጧት፤ ፒያኖው ሦስት ቁልፉ የሞተ ነበር። ሲሰጧት ግን ቃል አስገብተዋት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ኳየሩ ከኦክላሆማ ትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ደረጃ ይዞ ካልመጣ፣ ክፍሉ ለኳስ ተጫዋቾቹ የክብደት ማንሻ ይሆናል፤ የትምህርት ቤቱ ኳየርም እዚያ ላይ ያበቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ደረጃ አገኘን። በሁለተኛው ሁለተኛ። ለሦስተኛው ዓመት ውድድሩ ያዘዛቸውን ሁለት መዝሙሮች ዘምረን፣ ሦስተኛውን ራሳችን እንድንመርጥ ተፈቀደ። ኦዜላ የመሰናበቻውን መዝሙር መረጠች፣ በቼሮኪ። ወሬው አጎት ክሌም ጋ ሲደርስ ልምምዳችንን አቋርጠው ገቡ። ኮፍያቸውን አላወለቁም።

«ልጆቹን ነጭ ፊት አቁመሽ መሳቂያ ልታደርጊያቸው ነው?»

«ማንም አይስቅም፣ አጎቴ።»

«አንቺ ሲስቁ አልሰማሽም። እኔ ሰምቻለሁ።»

ኦዜላ ወደ በሩ ተከትላቸው ሄዳ፣ እዚያው መጥተው ይስሙን አለቻቸው። እመጣለሁ ብለው ወጡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

የዚያን ዓመት ፀደይ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። በሞተ ፒያኖ ከመታገል ብላ ልምምዱን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዛወረችው። የጫካ ሽንኩርት የሚወጣበት ወቅት ነበርና እናቶቻችን በእንቁላል ጠብሰው፣ የቦሎቄውን ዳቦ በቅጠል ጠቅልለው ቀቅለው ይጠብቁናል። ለአውቶቡሱ ነዳጅ ብለው ውጭ በትልቅ ብረት ድስት የአሳማ ሥጋ ጠብሰው ለአገር ምድሩ ሸጡ። ለሴቶቹ የአበባ ጨርቅ ቀሚስ፣ ለኛ ሪባን የተሰፋበት ሸሚዝ ሰፉልን። የኔ እጅጌው አጠረኝ፤ ቤሲ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ኦዜላ ልምምዱን ሁልጊዜ በመሰናበቻው ነበር የምትዘጋው፣ ከነዙረቱ፣ ከነጭበጣው። አግዳሚዎቹን እየዞርን ድስት የሚያጥቡትን እናቶች፣ ዲያቆን ሊቫይን፣ እርስ በርሳችንንም እንጨብጣለን። አንድ ቀን የቤሲ ውሻ ገብቶ የሱንም እግር ጨብጠናል። እጅ ለእጅ ስትነካኩ እስትንፋሳችሁ ይገጥማል፣ ትለን ነበር። እውነቷን ነው፤ ይገጥም ነበር።

ለመድረክ እንደዚያ እንደማይሆን ለሷ ግልጽ ነበር። መድረክ ላይ ቆሞ ተዘምሮ፣ እጅ ነስቶ መውረድ ነው። ኮሌጅ ስትማር ይህን መቶ ጊዜ አድርጋዋለች። በጣም ግልጽ ከመሆኑ የተነሳ ለኛ መንገሩን ረሳችው። እኛ ደግሞ መዝሙሩ ሌላ ዓይነት አዘማመር ይኖረዋል ብለን አልጠረጠርንም። ይባስ ብላ፣ ውድድሩ ወዳለበት ቱልሳ ከተማ ልንገባ ስንል ሸሚዛችንን ስንቆልፍ ስንፈታ አይታ አውቶቡሱ ውስጥ ብድግ አለችና «አትፍሩ» አለችን፤ «አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቁጠሩት።»

ቆጠርነው።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ሦስቱ ዳኞች መካከል ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዲያቆን ሊቫይ ከእናቶቻችን ጋር ከፊት፤ አጎት ክሌም የመጨረሻው ረድፍ ዳር ላይ፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ። የመጀመሪያውን መዝሙር ጥሩ አድርገን ዘመርን። ሁለተኛውን ከዚያም አስበልጠን። ጡጫዋ ሲዘጋ ድምፃችን በአንዴ ሲቆም በራሴ የኮራሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ኦዜላ ፊቷ በርቶ ነበር፤ አንደኛነቱ በእጃችን እንደገባ እኛም፣ እሷም አውቀናል።

ለሦስተኛው ብረቷን አላወጣችም። ቤሲን በዓይኗ አየቻት፤ ቤሲም እንደ ዲያቆን ሊቫይ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻዋን ጎተተቻት። ሌሎቻችን ገባን። በአዳራሹ የሳቀ ሰው አልነበረም። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስንደርስ ከረድፉ ዳር የቆመችው ቤሲ ከቦታዋ ወጣችና እየዘመረች የመድረኩን ደረጃ ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ እከተላለሁ፤ ሦስት ልጆች ወልደናል።

ቤሲ በቀጥታ ወደ ዳኞቹ ሄዳ እጇን ዘረጋች። የመጀመሪያው ዳኛ ግራ ገባቸው፤ በኋላ እርሳሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ጨበጧት። ሁለተኛዋ ሴትዮ ከወንበራቸው ተነሱ። ሦስተኛው ሰዓታቸውን በጣታቸው እየመቱ ያሳዩናል፤ እኛ ግን እጃቸውን ይዘን አለፍን። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፣ ከዚያ ቀጣዩ። የከተማ ትምህርት ቤት ልጆች መጀመሪያ እየተሳሳቁ፣ ኋላ ዝም ብለው እጃቸውን ሰጡን። ስንኙ አለቀ፤ ቤሲ እንደገና አነሳችው።

ወደ መድረኩ ዞር ብዬ አየሁ። ኦዜላ ቀኝ እጇ አየር ላይ ነበር። ጡጫዋን ብትዘጋ ኖሮ ሁላችንም ባለንበት ቀጥ እንል ነበር፤ ሦስት ዓመት ያሠለጠነችን ለዚያ ነው። ፊቷ ላይ ድንጋጤ ነበር። ክፍሉ፣ ፒያኖው፣ ሦስት ዓመት የለፋችበት ነገር ሁሉ ዓይኗ እያየ ሲሄድባት ይታያል። ያን ጊዜ አባቷን አየቻቸው። ዲያቆን ሊቫይ ከወንበራቸው ተነስተው እየዘመሩ ነበር፤ ቀኝ እጃቸውን ለሚመጣው ሰው አዘጋጅተዋል። ኦዜላ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ደረጃውን ወረደችና ከሰልፋችን መጨረሻ ገባች፣ እየዘመረች።

እስከ መጨረሻው ረድፍ ደረስን። የአጎት ክሌም ወንበር ባዶ ነበር። የፒክአፓቸው ሞተር ውጭ ሲነሳ ሰማነው። ኦዜላ ባዶው ወንበር ፊት እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆመች። ጡጫዋን አልዘጋችም፤ መዝሙሩ ራሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ።

ደረጃ አልተሰጠንም። ሁለተኛ አይደለም፣ ሦስተኛ አይደለም፤ ምንም። ከመድረክ የወረደና ከተመደበለት ሰዓት ያለፈ ኳየር አይመዘንም ይላል ደንቡ። በአውቶቡሱ ውስጥ ቤሲ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። ኦዜላ አጠገቧ ተቀምጣ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ የተማርሽውን ነው ያደረግሽው እያለች አባበለቻት። ለኛ ለወንዶቹ ደግሞ ሸሚዛችንን እንዳናቆሽሽ ብቻ ነገረችን።

ቦርዱ ሲሰበሰብ እናቶች ሄደው ጮኹ። አጎት ክሌም ቃል ቃል ነው አሉ፤ ሲሉ ግን ኦዜላን አላዩዋትም። እሷም አልተከራከረችም፤ ቃል ነው ብላ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በጋው ሳያልቅ የክብደት ማንሻው ብረት ገባ። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ክብደት አንስቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ የመዝሙር ሰሌዳው ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ገና እዚያው ነበር። ኦዜላን የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ አደረጓት።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያን ሳልፍ በክፍቱ በር ኦዜላ ያቺን ብረቷን ጉልበቷ ላይ ስትመታ አየሁ። ብቻዋን አልነበረችም፤ ቤሲ አለች፣ ሁለት እናቶች አሉ፣ ዲያቆን ሊቫይ አሉ። ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። «ጃስፐር፣ ዘገየህ» አለችኝ፤ ሌላ አላለችም።

የሐሙስ ኳየር የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። ደረጃ የለው፣ ክፍል የለው፣ የመጣ ሁሉ ይዘምራል። ቀብር ላይ እኛ፣ ሠርግ ላይ እኛ፣ በየዓመቱ ታህለኳ ሕዝባችን ሲሰበሰብ እኛ። እናትና ልጅ፣ ከዚያም የልጅ ልጅ በአንድ ረድፍ ቆሙ። ኦዜላ እጇን ማወዛወዙን አልተወችም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗ ከእጇ ምት ይልቅ ደረታችን ላይ ነበር፣ ስንተነፍስ። ልጆች ቋንቋውን እየረሱት ነው ተብሎ መንግሥታችን፣ የቼሮኪዎቹ ማለቴ ነው፣ ሲጨነቅ ሊጠይቋት መጡ፤ የሐሙስ ልጆች በቼሮኪ በቃላቸው ይዘምሩ ነበራ። ከዚያ በኋላ ነው ሽልማቱና ሜዳልያው የተከታተለው። ሜዳልያዎቹን መጋረጃ ማሰሪያ አድርጋቸው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ሌላውን መዝሙር ሁሉ በጡጫዋ ትዘጋዋለች፤ የመሰናበቻውን ግን ዝም ብላ እንዲጠፋ ትተወዋለች። አዲስ የገቡ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «ገና አላለቀም፤ አንድ እጅ ቀርቷል» ትላቸዋለች። በቀልድ ነው የምትለው፣ ግን ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የድሮዎቹ እናውቃለን።

አጎት ክሌም ቤተ ክርስቲያን ይመጡ ነበር፤ ከመሰናበቻው በፊት ይወጣሉ። መንገድ ላይ ከሩቅ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ያልፏታል። ነገር ግን በየመኸሩ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ ከረጢት የሂከሪ ዛፍ ለውዝ በረንዳዋ ላይ አስቀምጠው ሳያንኳኩ ይሄዱ ነበር። እሷ ለውዙን ትወቅጥና ካኑቺ ትሠራበታለች፤ ያን የሚጠጣ ወፍራም ሾርባ በማሰሮ ሞልታ በኔ ትልክላቸዋለች። እሳቸው አጥበው የሚሰጡኝን ማሰሮ መልሼ አመጣላታለሁ። ዲያቆን ሊቫይ ሞቱ፣ ቤሲ መዝሙር አንሺ ሆነች፣ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል በሌላ ሰብሳቢ ጊዜ ተመለሰ፤ ማሰሮው ግን እንደተመላለሰ ነበር። ሁለቱ አፍ ለአፍ ሲነጋገሩ አላየሁም።

ከዚያ ኦዜላን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ከዳት፤ ያ ምት የሚያሳየው እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋደመ። በአንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሐሙስ ኳየር በሙሉ ቤቷ ሄድን። ክፍሉ አልበቃንምና በረንዳው፣ ግቢውም ሞላ፤ መስኮቱን ከፈትንላት። ቤሲ የመጀመሪያዋን ቃል ጎተተች። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ዙረት ጀመርን፤ በአልጋዋ አጠገብ እያለፍን ግራ እጇን እየጨበጥን። እኔ አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ሁላችንም ጨብጠን ጨርሰን መዝሙሩ ሊሳሳ ሲል አንድ ፒክአፕ ግቢ ገባ። አጎት ክሌም በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ወረዱ። ዘጠና ሊሞላቸው ነበር። ቤሲ አይታቸው ስንኙን እንደገና አነሳችው፤ እኛም እየዘመርን መንገድ ከፈትንላቸው። ደጃፉ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። አልጋዋ አጠገብ ሲደርሱ በቼሮኪ ተናገሩ። በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ያን ቀን ከአዳራሹ የወጣሁት ተናድጄ አልነበረም» አሏት። «ልጆቹ ቢጨብጡኝ ላለቅስ ነበር። በነሱ ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም። ክፍሉን የወሰድኩብሽም ለዚያው ነው፤ ዓይንሽን ለማየት አፈርኩ።»

ኦዜላ አየቻቸው። ንግግሯ ይንተባተብ ነበር፤ ይህን ግን ሁላችንም ሰምተነዋል።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ አጎቴ። ጥርስዎን አልሰርቅዎትም።»

አንድም ጥርስ አልነበራቸውም። ሳቁ፤ ሳቃቸውም ወደ ለቅሶ ዞረ። ከዚያ ስንኙ ውስጥ ገቡ፣ ቃሉን አንድ ሳይስቱ፣ በሚያስገርም ቀጭን ድምፅ፤ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ቴነሩ፣ ጎድሎን ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፣ ጨበጠቻቸው፣ ስንኙ እስኪያልቅ አልለቀቀቻቸውም።

ሲያልቅ፣ እኛ የመጨረሻዋን ድምፅ እንደያዝን፣ ለቀቀቻቸውና ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ ከፍ አደረገች። የምንዘምረውን ሁሉ ዞር ብላ አየችን፣ ደረታችንን። ከዚያ ጡጫዋን ዘጋች፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዝም አልን።